ስድስት መሪዎች በአንድ ክፍል

አንዲት ልጅ ነበረች። እናቷ ቡታጅራ ገበያ ላይ ደረቅ በርበሬ ትሸጣለች፤ ልጅቷ ደግሞ ከአንደኛ ክፍል እስከ አሥራ ሁለተኛ ከፊት ወንበር ተነሥታ አታውቅም። ወይንሸት እንበላት።

አንድ ለአምስትን ታስታውሳላችሁ? አንድ ጎበዝ ተማሪ አምስት ጓደኞቹን ይዞ የሚያስጠናበትን? ወይንሸት ሁልጊዜ አንዷ ነበረች። ከአምስቱ መካከል ሆና አታውቅም። ሒሳብ ያልገባው ልጅ ሁሉ እናቷ መደብ ድረስ እየመጣ ከጆንያው አጠገብ ይቀመጣል፤ እሷም በርበሬ እየደረደረች ክፍልፋይ ታስረዳዋለች።

ታዲያ ይህች ልጅ፣ በፈተና ብቻ መርጦ ከሚያስገባ አንድ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ገባች። እልል ተባለ። ሻንጣዋን ይዛ ማደሪያዋ ስትደርስ ክፍሉ ውስጥ ስድስት አልጋ፣ አምስት ሴቶች።

ከሐረር የመጣችው ኢክራም ፈገግ ብላ፣ «እንግዲህ ያልገባችሁ ነገር ካለ እኔ አለሁላችሁ» አለች።

«እኔም ይህንኑ ልል ነበር እኮ!» አለች የነቀምቴዋ ሲፈን።

ሲጠያየቁ ስድስቱም የአንድ ለአምስት መሪ ነበሩ። ሲፈን ጭንቅላቷን ያዘች። «ስድስት መሪ! ተከታይ ከየት እንከራይ?»

ሳቁ። ግን እስቲ አስቡት፤ ዕድሜውን ሁሉ ሲያስረዳ የኖረ ሰው «አስረዱኝ» ማለትን የት ይማራል?

ካልኩለስ ተጀመረ። ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ አብረው ያነባሉ። «ገባችሁ?» ትላለች አንዷ። «ገባን» ይላሉ ሌሎቹ። ወይንሸትም ራሷን ትነቀንቃለች። ገጹ ይገለጣል። «ገባችሁ?» «በደንብ!» ሌላ ገጽ ይገለጣል።

ገባኝ ማለት እንዴት ይቀላል! አፍን ከፍቶ መዝጋት ብቻ ነው።

የመንፈቁ አጋማሽ ፈተና ውጤት ተመለሰ። ወይንሸት ከሠላሳው ማርክ ዘጠኝ ብቻ አመጣች። ወረቀቱን አራት ጊዜ አጥፋ ከሻንጣዋ ሥር ከተተችው። ማለፊያውን ያላመጣ በመንፈቁ መጨረሻ ወደ ቤቱ እንደሚሰናበት ገና የገቡ ቀን ተነግሯቸዋል። ወደ ቡታጅራ መመለስ፣ ያን ሁሉ እልልታ ተሸክሞ!

በዚያው ሳምንት እናቷ ደወለች።

«ላፕቶፑን በዘመድ ልኬልሻለሁ፤ ነገ ተቀበዪ።»

ወይንሸት ደነገጠች። ላፕቶፕ እንደሚያስፈልጋት አንዴ ብቻ ነበር የተናገረችው። «እማ፣ ከየት አምጥተሽ?»

«ከእቁቡ።»

«ዕጣሽ እኮ ገና ነው!»

«ገና ነው። ግን ለመንኳቸዋ!»

ወይንሸት ጆሮዋን አላመነችም። እናቷን ታውቃታለች። ጨው ቢያልቅባት ያለ ጨው የምትበላ እንጂ የጎረቤት በር የምታንኳኳ ሴት አይደለችም።

«ስድስት ዓመት እቁብ ስጥል አንድ ቀን ስጡኝ ብዬ አላውቅም» አለች እናቷ። «እሑድ ዕለት ግን ያ ሁሉ ሰው ፊት ተነሣሁ። ዕጣው የወጣው ለዘይነባ ነበር። ‹ለልጄ ትምህርት ነውና ልቀቂልኝ፣ የኔ ሲደርስ ውሰጂ› አልኳት።»

«ምን አለችሽ?»

«ሳቀችብኝ! ‹አንቺ ሴትዮ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ምንም የማይጎድልሽ እየመሰለኝ ስፈራሽ ኖርኩ እኮ› አለችኝ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ከመደቤ አትጠፋም። ለካ እሷም የሚያጫውታት አጥታ ኖሯል።» ቀጥላም፣ «ትምህርቱስ እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ጥሩ ነው» የሚለው ቃል ወይንሸት ምላስ ላይ ደርሶ ነበር። አልወጣም።

«እማ፣ አልገባኝም። ካልኩለሱ ምንም አልገባኝም።»

«እና ለእኔ ትነግሪኛለሽ? እኔ ካልኩለስ አልሸጥም! የሚያውቅ ሰው ጠይቂያ!»

ወይንሸት ወደ ክፍሏ ገባች። አምስቱ መጻሕፍታቸው ላይ አቀርቅረዋል። በሩ ላይ እንደ ቆመች፣ «ከሦስተኛው ምዕራፍ ጀምሮ ምንም አልገባኝም» አለች። ፊቷ እሳት ሆነ።

ከዚያ ሲፈን መጽሐፏን ጧ አድርጋ ዘጋችው። «ከሦስተኛው? የኔ እህት፣ እኔ ከመጀመሪያው ነው!»

ኢክራም ከትራሷ ሥር የፈተና ወረቀቷን ሳበች። ሰባት ይላል።

«የኔ ዘጠኝ ነው» አለች ወይንሸት።

«በቃ፣ መሪያችን አንቺ ነሽ!» አለች ኢክራም።

ስድስቱም አልጋ ላይ እስኪወድቁ ሳቁ። በማግሥቱ ተያይዘው መምህራቸው ቢሮ ሄዱ። መምህሩ አያቸው፤ ባዶዎቹን ወንበሮችም አያቸው። «ይህን የጥያቄ ሰዓት ማስታወቂያ ቢሮዬ በር ላይ ከለጠፍኩ ሁለት ወር ሆነኝ» አለ። «እናንተ የመጀመሪያዎቹ ናችሁ። ሁሉም ገብቶት ነው ብዬ እያፈጠንኩ ነበር።»

ሰማችሁ? ገባን ባሉት ቁጥር ትምህርቱ ይፈጥንባቸው ነበር!

በመንፈቁ መጨረሻ ወይንሸት ሲ ፕላስ አመጣች። በሕይወቷ እንዲህ ዝቅ ያለ ውጤት አይታ አታውቅም፤ በሕይወቷም እንዲህ ጮኻ እናቷ ጋ ደውላ አታውቅም። ከዚያ ክፍል የተሰናበተ የለም። ስድስቱም አልጋ ሁለተኛውን መንፈቅ ከነባለቤቱ ጀመረ።

ወገኖቼ፣ ይህ አዳራሽ ስንት አልጋ ያለው ክፍል ነው?

በየሳምንቱ ለአምልኮ ስንመጣ እዚህ በር ላይ እንጨባበጣለን። «እንዴት ናችሁ?» «እግዚአብሔር ይመስገን!» ገጹ ይገለጣል። ከሥራ ከወጣ ሦስት ወር የሆነው ወንድማችን ክራቫቱን አስሮ እግዚአብሔር ይመስገን ይላል። ከባሏ ጋር በአንድ ቤት ሳትነጋገር የከረመችው እህታችን እግዚአብሔር ይመስገን ትላለች። አጠገቧ የተቀመጠችው ደግሞ ይህችን ሴት ምንም የማይጎድላት መስሏት ትፈራታለች።

ማመስገን መልካም ነው፤ አመስግኑ። ነገር ግን ምስጋናችሁን መጋረጃ አታድርጉት። የጎደለንን እግዚአብሔር ያውቀዋል፤ የማያውቀው አጠገባችን ያለው ሰው ነው። እግዚአብሔርስ ብዙ ጊዜ መልሱን የሚልከው በማን እጅ ነው? በዚያው ሰው እጅ አይደለምን?

አሁን ወደ ጎረቤታችሁ ዞር በሉ። እንዴት ነህ፣ እንዴት ነሽ ተባባሉ። ደህና የሆናችሁ ደህና ነን በሉ። ያልሆናችሁ ዛሬ እንደዚያ አትበሉ።

መዘምራን፣ ጥቂት ታገሡን። እንነጋገር።