ቀለም አልይዝም ያለችው አውሮፕላን

ጆሮውን ላዋሰኝ ሰው አንዲት ተረት አለችኝ፤ አገሯ ቢሾፍቱ ነው። ደገፉ የሚባል የጋራዥ ቀለም ቀቢ ነበር። ስልሳ ዓመት ቢያልፈውም አብሮ አደጌ ስለሆነ አንቱ አልለውም። ጡረታ ሲወጣ የፕላስቲክ ሞዴሎች መገጣጠም ያዘ፤ አሁን የጨረሳት ከመዳፍ ትንሽ የምትበልጥ አውሮፕላን ናት። የአየር ኃይል ባልደረባ የነበሩት ሻምበል ባሻ ነገዎ በጉብዝናቸው ወራት ሲጠግኑና ሲቀቡ የኖሩት ይህችኑ ዓይነት ነበር። የቀለም ሙያውን ለደገፉ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ዛሬ ዓይናቸው ከቀን ወደ ቀን እየደከመ ነው። የደገፉ ምኞት አንዲት ብቻ ነበረች፤ የባለውለታው ዓይን ጨርሶ ሳይከዳቸው አውሮፕላኗን ቀብቶ ማሳየት።

ቀባት። ቀለሙ በጥፍር ቢነካ ተላጠ፤ “ያለ ፕራይመር፣ ከሥሬ ቀድሞ የሚያዝ ቅብ ካልተቀባ፣ አልይዝም” አለ።

“ይሄማ የእኔ ሥራ ነው” ብሎ ደገፉ የጋራዡን ፕራይመር በትርፍ ክንፍ ላይ ረጨ። ለቆርቆሮ የተሠራው ፕራይመር ለፕላስቲክ አይራራም፤ ክንፉ ተጨማደደ። ሠላሳ ዓመት መኪና ብቻ ሲቀባ የኖረ ሰው ስህተት ነው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ? አፈረና በውሃ የሚቀጥነውን፣ ለፕላስቲክ የሚሆነውን ፕራይመር ገዛ። አውሮፕላኗንም በሳሙና አጥቦ የእጁን ቅባት አስለቀቃት።

አዲሱ ፕራይመር ግን “በዚያ ትልቅ የመኪና መርጫህ አልወጣም፤ ወፍሬ መልኳን አጠፋዋለሁ። እንደ እስክሪብቶ በምትያዘው መርጫ ስስ ስስ አድርገህ ደራርበኝ” አለው።

ደገፉ ወደ ትንሿ መርጫ ሄደ። “መርጫዬ፣ እርጪልኝ። ፕራይመሩ ያላንቺ አልወጣም አለ፤ ቀለሙ ያለ ፕራይመር አልይዝም አለ፤ አውሮፕላኗ ራቁቷን ቀረች።” መርጫዋም ያለ አየር አልረጭም አለች።

ወደ ኮምፕሬሰሩ ሄደ። “ኮምፕሬሰር፣ ንፋልኝ። መርጫዋ ያለ አየር አልረጭም አለች፤ ፕራይመሩ ያለ መርጫዋ አልወጣም አለ፤ ቀለሙ ያለ ፕራይመር አልይዝም አለ፤ አውሮፕላኗ ራቁቷን ቀረች።” ኮምፕሬሰሩ አንዴ አጉረመረመና መብራቱ ካልበረታ አልነሳም አለ።

ወደ መብራቱ አንጋጠጠ። “መብራት፣ በርታልኝ። ኮምፕሬሰሩ ካልበረታህ አልነሳም አለ፤ መርጫዋ ያለ አየር አልረጭም አለች፤ ፕራይመሩ ያለ መርጫዋ አልወጣም አለ፤ ቀለሙ ያለ ፕራይመር አልይዝም አለ፤ አውሮፕላኗ ራቁቷን ቀረች።” መብራቱ ጭል ጭል እያለ፣ ጎረቤቱ ከድር ሲበይድ ጉልበቴን ሁሉ ይስበዋል፤ እሱ ካላረፈ አልበረታም አለ።

ወደ ከድር ብየዳ ቤት ሮጠ። “ከድር ወንድሜ፣ እረፍልኝ። መብራቱ ከድር ካላረፈ አልበረታም አለ፤ ኮምፕሬሰሩ መብራት ካልበረታ አልነሳም አለ፤ መርጫዋ ያለ አየር አልረጭም አለች፤ ፕራይመሩ ያለ መርጫዋ አልወጣም አለ፤ ቀለሙ ያለ ፕራይመር አልይዝም አለ፤ አውሮፕላኗ ራቁቷን ቀረች።”

ከድር መነጽሩን አነሳ። “ጋሽ ደገፉ፣ ባርፍልዎ ደስ ባለኝ። ግን የዚህ በር ባለቤት ዛሬውኑ ይድረስልኝ ብለዋል፤ እሳቸውን እምቢ አልልም።” ማን ናቸው ብሎ ቢጠይቀው፣ ሻምበል ባሻ ነገዎ ናቸው አለው።

ደገፉ ወዲያው ሄዶ ደጃቸው ላይ ቆመ። ምክንያቱን ሳይናገር፣ በሩ እስከ ነገ እንዲቆይ ብቻ ለመናቸው።

ሻምበል ባሻም፣ “ያስቸኮልኩት ዓይኔ ሳይከዳኝ እጄ እጀታውን እንዲለምደው ብዬ ነበር” አሉ። “አንተ ከለመንከኝ ግን ይቆይ።”

በሩ ቆየ፤ ከድር አረፈ፤ መብራቱ በረታ፤ ኮምፕሬሰሩ ተነሳ፤ መርጫዋ ረጨች፤ ፕራይመሩ ስስ ሆኖ አረፈ፣ ደረቀ፣ ተደገመ፤ ቀለሙም ያዘ። በማግስቱ ደገፉ በጥፍሩ ሞከረው፤ ንቅንቅ አላለም።

አውሮፕላኗን በሁለት እጁ አቀረበላቸው። ሻምበል ባሻ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው፣ ሻል ወደሚለው ዓይናቸው አስጠግተው ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ አዩዋት።

“ከእንግዲህ ቢጨልምም አይከፋኝም፤ አይቻታለሁ” አሉ። “ተባረክ ልጄ።”

ደገፉ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። “እርስዎ ባያስተምሩኝ ይህ እጅ ምን ያውቅ ነበር?” አላቸው። ከዚያ ራሱ ሄዶ ከድርን ወደ በሩ እንዲመለስ ለመነው። ከድር ብየዳውን ቀጠለ፤ መብራቱም ደከመ፤ ማንንም ግን ቅር አላለውም።