የአጸደ ባሕርና የእንየው ጫማ

ተረት ልንገራችሁ። እመኑኝ አልልም። ግን አንዱ በአንዱ ላይ እየተደረበ ስለሚሄድ፣ ከመጀመሪያው በደንብ ያዙት፤ ያልያዘ መሐል ላይ ይጠፋል።

ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ፣ አጸደ የምትባል አሮጊት ትኖር ነበር። አጸደ የምትፈልገው አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ ከባሏ ጋር ጅቡቲ ወርዳ፣ ሁለት ሌሊት አድራ፣ ባሕር አይታ መመለስ። ወርቅ አልጠየቀች፣ ቪላ አልጠየቀች። ባሕር፣ ያውም ለሁለት ሌሊት።

ባሏ እንየው ይባላል። ጎጃም ተወልዶ በጎረምሳነቱ ለባቡር ሥራ የመጣ፣ ሠላሳ ዓመት ሐዲድ ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ ነው። ሊያገባት ሲለምናት «ካገባሽኝ ባሕር ዳር እወስድሻለሁ» አላት። እሱ ከተማዋን ማለቱ ነበር፤ ጣና ዳር ያለችውን፣ እናቱ ያሉባትን። እሷ የሰማችው የባሕርን ዳር ነው፤ መርከብ የሚቆምበትን፣ ሐዲዱ ሄዶ ሄዶ የሚያልቅበትን። «የጅቡቲውን ባሕር?» አለችው። ዓይኗ እንዴት እንደበራ አየና «አዎ» አለ። በአንዲት «አዎ» አርባ አንድ ዓመት የተቀመጠች ሴት እሷ የመጀመሪያዋ አይደለችም።

በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ ከተማዋንም አላዩ፣ ባሕሩንም አላዩ። ወሬው ግን አልተቋረጠም። አመሻሽ ላይ ባቡሩ ወደ ባሕር እየጮኸ ሲወርድ አጸደ «ባሕሩ እንዴት ነው?» ትላለች። እንየው የባቡር ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ይነግራታል። «ሰፊ ነው፤ ማዶው አይታይም። ጠዋት ጭጋግ ይለብሳል። ሴቶቹ በእንስራ ይቀዱታል፣ ጉማሬው ከውሃው ብቅ ብሎ ያያቸዋል።» አጸደ ሰምታ ዝም ትላለች። ከዚያ ጋደም ብላ፣ ያላየችውን ትናፍቃለች።

ዘንድሮ የእህቷ ልጅ ሠናይት ከጅቡቲ ደወለች። «አክስቴ፣ ከቅዳሜ እስከ ሰኞ ክፍሌን ልልቀቅላችሁ። መስኮቱ ባሕሩ ላይ ነው። የይለፍ ወረቀታችሁንም አስጨርሻለሁ።» አጸደ ስልኩን ዘግታ ጉልበቷን ዳሰሰች። ዘንድሮ የባቡሩን ደረጃ ትወጣለች። የከርሞውን አታውቅም።

«እንየው!» አለች።

ሰፈሩ እንደሚያውቀው፣ አጸደ «እንየው» ስትል ባሏን ትጥራ ወይስ «ባሕሩን እንየው» ትበል አይለይም። እሱ ግን ሁልጊዜ በስሙ ይወስደዋል።

«አቤት» አለ፣ ቀና ሳይል።

«ቅዳሜ ሄደን ሰኞ እንመለሳለን። ሠናይት ክፍሏን ሰጥታናለች።»

እንየው ወደ እግሩ አየ። «በምን ጫማ?»

«እግርህ ላይ ባለው።»

«በሸራ ጫማ? ባሕር ፊት? ተይ እንጂ አጸዱ! ሠላሳ ዓመት የባቡር ሰው ሆኜ በሸራ ጫማ ባሕር ፊት አልቆምም። ጥቁሩ ጫማዬ ይሰፋና እሄዳለሁ።»

ጥቁሩ ጫማ አፉን ከከፈተ ሦስት ዓመቱ ነው። አጸደ አንጠልጥላው ወጣች። ጫማ ካልተሰፋ እንየው አይሄድ፤ እንየው ካልሄደ አጸደ ባሕር አታይ።

ጫማ ሰፊው ኡመር ጫማውን ገልብጦ አየው። «አቦ እትዬ አጸደ፣ ይሄ ጫማ ነው አዞ?»

«ስፋው እንጂ አትሳቅበት። ቅዳሜ ባሕር ላይ ነኝ።»

«ወስፌ አለኝ፣ ክር አለኝ፣ ሰም ግን የለኝም። ሰም ያልነካው ክር አይጠብቅም። ጫማው ባሕሩ ላይ አፉን ሲከፍት ጋሽ እንየው የሚሰድበው እኔን ነው። ሰም አምጪና እሰፋለሁ።»

ሰም ካልመጣ ክር አይጠብቅ፤ ክር ካልጠበቀ ጫማ አይሰፋ፤ ጫማ ካልተሰፋ እንየው አይሄድ፤ እንየው ካልሄደ አጸደ ባሕር አታይ።

አጸደ ከጓሮዋ ቀፎ ሥር ቆመች። «ንብ ሆይ፣ ትንሽ ሰም ስጪኝ።»

«ከምን ሠርቼ?» አለች ንብ። «ሰም የሚሠራው በአበባ ነው እንጂ በልመና አይደለም። ግቢሽን እስቲ እዪው፤ አንድ አበባ የለበትም። ሎሚሽ ያብብና ሰም እሰጣለሁ።»

ሎሚ ካላበበ ንብ ሰም አትሰጥ፤ ሰም ካልመጣ ክር አይጠብቅ፤ ክር ካልጠበቀ ጫማ አይሰፋ፤ ጫማ ካልተሰፋ እንየው አይሄድ፤ እንየው ካልሄደ አጸደ ባሕር አታይ።

ሎሚው በሠርጓ ሰሞን የተተከለ ነው። ቅጠሉ ተጨማዷል። «ሎሚዬ፣ እስቲ አብብልኝ» አለችው።

«ዛሬ ሎሚዬ ሆንኩ?» አለ ሎሚው። «በዚህ ቤት የሚወራው ያንቺ የባሕር ናፍቆት ብቻ ነው። የኔን ጥም ማን ጠየቀ? አንቺ ባሕር ያምርሻል፣ እኔ አንድ ጀሪካን ውሃ አጣሁ። ውሃ ልጠጣና አብባለሁ።»

እውነቱን ነዋ። ውሃ ካልመጣ ሎሚ አያብብ፤ ሎሚ ካላበበ ንብ ሰም አትሰጥ፤ ሰም ካልመጣ ክር አይጠብቅ፤ ክር ካልጠበቀ ጫማ አይሰፋ፤ ጫማ ካልተሰፋ እንየው አይሄድ፤ እንየው ካልሄደ አጸደ ባሕር አታይ።

ቧንቧው ደርቋል። ውሃ ያለው ከሰፈሩ ማዶ፣ ጉድጓዱ ዘንድ ነው። ከጉድጓዱ የሚያመላልሰው ደግሞ አህያው ቡላ ነው። ቡላ የአጸደ ደጅ ጥላ ላይ ተኝቷል።

«ቡላ፣ ተነስ። ሁለት ጀሪካን ብቻ።»

«ብቻ!» አለ ቡላ። «የዚህ ሰፈር ሰው ሲጭነኝ ሁልጊዜ ‹ብቻ› እያለ ነው። እትዬ አጸደ፣ ጨው ከላስኩ ወር አልፎኛል። ጉልበቴ ከድቶኛል። ጨው ልላስና እነሳለሁ።»

ጉልበት ሲከዳ ምን እንደሚመስል ስለምታውቅ አልተከራከረችውም። ቡላ ካልተነሳ ውሃ አይመጣ፤ ውሃ ካልመጣ ሎሚ አያብብ፤ ሎሚ ካላበበ ንብ ሰም አትሰጥ፤ ሰም ካልመጣ ክር አይጠብቅ፤ ክር ካልጠበቀ ጫማ አይሰፋ፤ ጫማ ካልተሰፋ እንየው አይሄድ፤ እንየው ካልሄደ አጸደ ባሕር አታይ።

ባለሱቋ ፋጡማ የጨው ጣሳዋን ዘቅዝቃ አሳየቻት። ምንም ጠብ አላለም። «አልቋል እህቴ። የኔ ጨው የሚመጣው ከባሕር ነው፤ የሚያመጣልኝ መኪና ቀረ። ግን ስሚ፣ ባሕር የሚወርድ ሰው ካወቅሽ ንገሪኝ፤ ጨው እንዲያመጣልኝ እልከዋለሁ።»

አጸደ ሳቀች። ጥሩ ሳቅ አልነበረም። ፋጡማ ደንግጣ ጣሳውን ደረቷ ላይ አስጠጋች።

ወደ ቤቷ ስትመለስ በየእርምጃው እየቆጠረች ነው። ባሕር ካልተወረደ ጨው አይመጣ፤ ጨው ካልመጣ ቡላ አይነሳ፤ ቡላ ካልተነሳ ውሃ አይመጣ፤ ውሃ ካልመጣ ሎሚ አያብብ፤ ሎሚ ካላበበ ንብ ሰም አትሰጥ፤ ሰም ካልመጣ ክር አይጠብቅ፤ ክር ካልጠበቀ ጫማ አይሰፋ፤ ጫማ ካልተሰፋ እንየው አይሄድ፤ እንየው ካልሄደ ባሕር አይወረድ፤ ባሕር ካልተወረደ ጨው አይመጣ። ዞሮ ዞሮ እዚያው። ባሕሩን ለማየት ባሕሩን ማየት ያስፈልጋል።

ዕለቱ ሐሙስ ነበር። አጸደ ቡላ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እንየው ወጥቶ ሁኔታዋን አየ፤ ነገሩ እንዳልሆነ ገባው።

«እንግዲህ ከርሞ እንሄዳለን» አለ። ድምፁ ቀለል ያለ ነበር። ደስ ያለው ሰው ድምፅ።

አጸደ ያን ድምፅ ሰማችው። «ከርሞ ይህ ጉልበት የባቡር ደረጃ አይወጣም» አለች። «ይኸው ነው። ካሁን በኋላ ስለ ባሕር አልጠይቅህም። አንተም አትንገረኝ።»

ባቡር እየጮኸ አለፈ። ሁለቱም ወደዚያ አላዩም።

ያኔ ቡላ አንገቱን ዘርግቶ እንየውን አሸተተው፤ ትከሻውን፣ ጆሮውን፣ ኮፍያውን። «ጨው ፍለጋ እዚያ ድረስ ምን አደከማችሁ?» አለ። «ይኸው እዚህ አለ አይደል?»

ኮፍያው የባቡር ኮፍያ ነው። ሠላሳ ዓመት በበረሃ ፀሐይ ላብ ጠጥቶ፣ ደርቆ፣ እንደገና ጠጥቶ፣ ዙሪያውን የጨው መስመር አውጥቷል። እንደ ሸሚዞቹ ኮሌታ ይህን መስመር አጸደ ብታጥበው ብታጥበው አልለቀቀም።

እንየው ኮፍያውን በሁለት እጁ ያዘ። «አልሰጥም!»

«ለአንድ ጊዜ ይላሰው! ኮፍያህን አይበላው።»

«አልሰጥም አልኩ። ይሄ ኮፍያ ከወለቀ እኔ ምንድን ነኝ?» ኮፍያውን ወደ ግንባሩ ሳበው። «አጸዱ… እኔ ባሕሩን አይቼው አላውቅም።»

ቡላ እንኳ ጆሮውን አቆመ።

«የኔ ሥራ አዲጋላ ጣቢያ ላይ ያልቅ ነበር» አለ እንየው። «እስከዚያ ያለውን ሐዲድ አይቼ፣ ብሎኑን አጥብቄ እመለስ ነበር። ከዚያ ወዲያ የሌላ ሰው ክፍል ነው። ባቡሩ ወደ ባሕር ሲያልፍ እጄን አወዛውዝለት ነበር። በቃ። እዚያ ስንደርስ ‹ባሕሩ ወዴት ነው?› ብትዪኝ ምን እላለሁ?»

«አውቃለሁ» አለች አጸደ።

«ምኑን?»

«እንዳላየኸው።»

«ማን ነገረሽ?»

«አንተው ነህ የነገርከኝ። ባሕርህ ውስጥ ጉማሬ አለ፣ እንየው። ባሕርህን ሴቶች በእንስራ ይቀዱታል። የጨው ውሃ ለወጥ ነው ለመጠጥ? ስትነግረኝ የኖርከው ጣናን ነው፤ የእናትህን ደጅ።»

«አርባ አንድ ዓመት አውቀሽ ዝም አልሽኝ?»

«ዝም አላልኩም፤ ባቡር በጮኸ ቁጥር በልቤ ሰድቤሃለሁ።» ድምፇን ዝቅ አደረገች። «ግን ስትነግረኝ ፊትህ የልጅ ፊት ይሆን ነበር። ናፍቆህ ነዋ። አንተ ያንተን ስትናፍቅ እኔም የኔን እናፍቅ ነበር፤ አንድ አልጋ ላይ ሁለት ባሕር። አሁን ኮፍያውን ስጠው።»

«መንገዱን ባላውቀውስ?»

«በአፍንጫችን እንፈልገዋለን።»

እንየው ኮፍያውን አወለቀ። ራሱ ፀሐይ አይቶት የማያውቅ ይመስል ነጭ ነበር። ቡላ ያንን መስመር ዞሮ ዞሮ ላሰው፤ የአዋሽን ሐሩር ላሰው፣ የአዲጋላን ነፋስ ላሰው፣ ሠላሳ ዓመት ላሰ።

ከዚያማ ማን ያቆመዋል? ጨው ተላሰ፣ ቡላ ተነሳ፤ ቡላ ተነሳ፣ ውሃ መጣ፤ ውሃ መጣ፣ ሎሚ አበበ፤ ተረት ባይሆን በአንድ ቀን አያብብም፣ ግን አበበ። ሎሚ አበበ፣ ንብ ሰም ሰጠች፤ ሰም መጣ፣ ክር ጠበቀ፤ ክር ጠበቀ፣ ጫማ ተሰፋ፤ ጫማ ተሰፋ፣ ኡመር ቀለም ቀብቶ እንደ መስታወት አበራው። ቅዳሜ ጠዋት እንየው ጥቁር ጫማውን አድርጎ፣ ኮፍያውን ቤት ትቶ ወጣ። ፋጡማ ከሱቋ «ጨው እንዳትረሱ!» ብላ ጮኸች። አጸደ የባቡሩን ደረጃ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ ወጣች። አዲጋላ ሲደርሱ እንየው በመስኮቱ ብቅ ብሎ እጁን አወዛወዘ፤ እዚያ የሚመልስለት ሰው ግን አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ያለው ሐዲድ ለሁለቱም አዲስ ነበር።

ጅቡቲ ሲወርዱ መንገድ የጠየቀ የለም። አፍንጫቸው መራቸው፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ባሕሩ ፊት ቆሙ።

ሰፊ ነው። ማዶው አይታይም። ያን ያህሉን እንየው አልዋሸም። ጥቁር ጫማውን ገጥሞ፣ ቀጥ ብሎ፣ የሹም ጉብኝት እንደሚጠብቅ ሰው ቆሟል።

«አውልቅ» አለች አጸደ።

«ምኑን?»

«ጫማህን ነዋ! በጫማ ባሕር ይገባል?»

እንየው ጫማውን አየ። ኡመርን አሰበ፣ ንቧን አሰበ፣ ሎሚውን፣ ቡላን፣ የፋጡማን ባዶ ጣሳ አሰበ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ ስንት የተለፋበትን ጫማ ፈታው።

በባዶ እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ገቡ። እንየው ጣቱን ነክሮ ቀመሰ። «ጨው ነው!» ብሎ ጮኸ፣ ለዓለም አዲስ ወሬ እንደሚያበስር። አጸደም ጣቷን ነክራ ቀመሰች። ይህን ጣዕም ታውቀዋለች፤ አርባ አንድ ዓመት ከአንገቱ ላይ፣ ከሸሚዙ ኮሌታ ላይ ታውቀዋለች። ባሕሩ ቤቷ ሲመላለስ ነው የኖረው፤ እሷ በሳሙና ልታስለቅቀው ስትለፋ።

ይህን ግን አልነገረችውም። ፀሐይዋ ውሃው ላይ ልትቀመጥ ነው።

«እንየው» አለች።

«አቤት» አላለም። ቀና ብሎ አየ።

ተረቴም ጫማዋን አውልቃ እዚያው ቀረች፤ ልኩ የሆነ ሰው ያጥልቃት።