ዝም ያለው እግር

አንድ ሰው ነበረ፤ እግሩ ዝናብ የሚያውቅ። ልጄ፣ አንተ የዜማ መምህር ሆነህ፣ «የረሳሁትን ዜማ ረሳሁ ብዬ ለተማሪዎቼ ብነግራቸው ክብሬ አይወርድም ወይ?» ብለህ ጠይቀኸኝ የለ? መልሱ እሱ ዘንድ ነውና የሰውየውን ነገር ልንገርህ።

ሰውየው ገበሬ ነበር፤ አገሩም አፈሩ ጥቁር ዋልካ የሆነ ሰፊ ሜዳ ነው። በጉብዝናው ወራት ከበቅሎ ወድቆ የቀኝ ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረና ወጌሻ አጣሞ ጠገነው። ከዚያ ወዲያ ዝናብ ሊመጣ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው እግሩን ይጠዘጥዘዋል፤ ክረምቱ ጨርሶ ሊወጣ ሲል ደግሞ ጸጥ ይላል። መጀመሪያ ሚስቱ ልብ አለች፤ ቀጥሎ ጎረቤት አወቀ፤ ውሎ አድሮ የሜዳው ሰው በሙሉ «እግሩ ምን አለ?» ሳይል በሬ የማይጠምድ ሆነ።

እግሩ ይልቁንም የሚፈለገው በመስከረም ነበር። የዚያ አገር ሰው ሽምብራውን የሚዘራው ክረምቱ ትቶት በሚሄደው እርጥበት ላይ ነው። ቸኩሎ ዘርቶ ዝናቡ ከተመለሰበት ውሃው ዋልካው ላይ ይተኛና ዘሩ ይበሰብሳል። ከዘገየም መሬቱ ይደርቅና ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ ቀኑን የሳተ ሰው ዓመቱን ይራባል።

ለእግሩም ክብር ተሰጠው። በማኅበር ቀን ከመደቡ ራስ ይቀመጣል፤ ጠላው ከእሱ ይጀመራል፤ እያነከሰ ከደጅ ብቅ ሲል ሽማግሌው ሳይቀር ብድግ ይላል። እሱም ይህን ይወደው ነበር። ማን ይጠላል?

አንድ ዓመት ነሐሴ ላይ ላሙን ሊያስር ሲታገል ላሚቱ ያንኑ ቁርጭምጭሚት ረገጠችው። ቀጭ አለ። ሰውየው ጭቃው ላይ ተንከባለለ፤ ላሚቱንም ከነዘር ማንዘሯ ረገማት። በሦስተኛው ቀን ግን ተነሥቶ ቢረግጥ ምንም አላመመውም። ቢዘልም አላመመውም። ወጌሻው ያጣመመውን ላሚቱ አቃንታው ነበር። ዝናብ መጣ፤ እግሩ ምንም አላለም። በማግሥቱም ዘነበ፤ አሁንም ምንም አላለም።

ደስ አለው፤ ደስታው ግን ከእሑድ አላለፈም። እሑድ ማኅበር ሲሄድ ሰው ሁሉ ብድግ ሲልለት አየና ከደጅ ጀምሮ ማነከስ ጀመረ። ከዚያ ወዲያ ማነከስ ሥራው ሆነ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላልና የሚወደውን ጠላ እንኳ ፈርቶ ቀነሰ። ምስጢሩን የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ነበረች። አንድ ቀን ከበር ሲወጣ አይታው፣ «አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ ደግሞ በግራው ሆነ እንዴ?» አለችው። በቀኙ አድርጎ ሄደ።

መስከረም ገባ። ሬዲዮው «በአንዳንድ ሜዳማ ቦታዎች የክረምቱ ዝናብ አወጣጥ ሊዘገይ ይችላል» አለ። የግብርና ባለሙያዋም ከቤት ቤት እየዞረች ሽምብራውን አሥር ቀን እንዲያቆዩት ነገረቻቸው። ሰዉም «አንዳንድ ቦታ ያለው ማንን ነው? ሬዲዮው የሁሉ ነው፤ እግሩ ግን የኛው ነው» ተባብሎ ወደ ሰውየው መጣ።

«እግርህ ምን ይላል?» አሉት።

ሰውየው ዱላውን ተደግፎ ጥቂት አሰበ። መዋሸት አልፈለገም፤ መውረድም አልፈለገም። «ዝም ብሏል» አላቸው። እውነቱን ነው፤ ዝም ብሏል። ሰዎቹ ግን ክረምቱ ወጣ ማለት ነው ብለው ደስ ብሏቸው ሄዱ።

በማግሥቱ ማለዳ ሜዳው በጥማድ በሬ ተሞላ። ሰውየው ከደጁ ተቀምጦ ሲያይ፣ ባሏ የሞተባት አንዲት አሮጊት ጎረቤቱ ከባድ ቁና አዝላ በፊቱ አለፈች።

«እማማ፣ ይህ ሁሉ ዘር ምንድን ነው?» አላት።

«ወትሮ ግማሹን ለክፉ ቀን አስቀር ነበር፣ ልጄ» አለችው። «ዘንድሮ ግን እግርህ ዝም ካለ ምን እፈራለሁ? ጠራርጌ ይዤው ወጣሁ።»

መርቃው ሄደች። ሰውየው ስታዘግም ጀርባዋን አየ፤ ቁናውን አየ፤ በምዕራብ በኩል የቆመውን ደመናም አየ። ያ ደመና ወዴት እንደሚሄድ እሱም እንደማንኛውም ሰው አያውቅም። አፈረ። ከዚያም ዱላውን ጥሎ ሮጠ።

ከዚያ በፊት እንዲያ ሲሮጥ ያየው ሰው አልነበረም። አሮጊቷን ቀድሟት አለፈ፤ አንዱን ቦይ ዘለለ፤ ሁለተኛውን ዘለለ፤ «አቁሙ፣ አትዝሩ» እያለ ከማሳ ማሳ ተሻገረ። ገበሬዎቹ መጀመሪያ ጅብ የተከተለው መስሏቸው ከኋላው ተመለከቱ። ሦስተኛውን ቦይ ሲዘልል ግን አንድ ሽማግሌ ሞፈሩን እንደያዘ፣ «ቆይ፣ የሚሮጠው በየትኛው እግሩ ነው?» አለ።

ሰውየው መሃላቸው ቆሞ እስኪተነፍስ ጠበቁት። «እግሬ ድኗል» አላቸው። «ከነሐሴ ጀምሮ ድኗል። ምንም አያውቅም። የማነክሰው ለናንተ ብዬ ነው፤ አይ፣ ለራሴ ብዬ ነው።»

ሽማግሌው፣ «እሱንስ ባትነግረንም አየነው፤ ሦስት ቦይ ዘለልክ እኮ» ቢል የሜዳው ሰው በሳቅ ወደቀ። ሰውየውም አብሮ ሳቀ፤ ከነሐሴ ወዲህ ከልቡ ሲስቅ የመጀመሪያው ነበር።

በሬዎቹ ተፈቱ። በአራተኛው ቀን ዝናቡ መጣና ሳምንት ሙሉ አላባራም። ማለዳ ቀድመው የዘሩ ጥቂት ሰዎች ዘራቸው በሰበሰ፤ ሰውየው ከራሱ ጎተራ ተካላቸው። የአሮጊቷ ሽምብራ ግን ከቁናው አልወጣም ነበርና በጊዜው ተዘርቶ አምሮ በቀለ።

እንግዲህ ልጄ፣ አንተም እንደዚያ ሰው ነህ። ዜማው በጎደለህ ቦታ ከራስህ እየጨመርክ ታዜማለህ፤ ወይም ዝም ትልና ተማሪዎቹ ዝምታህን እንደ እውቀት ይቆጥሩታል። እነዚያ ልጆች ልጅነታቸውን ጠራርገው ይዘው ነው ወደ አንተ የወጡት፤ ሌላ ያስቀሩት የላቸውም። የተሳሳተ ዜማ አንዴ ከገባ ደግሞ በስብሶ እዚያው ይቀራል።

ክብሬ ይወርዳል ወይ አልከኝ። አዎ፣ ይወርዳል። ከመደቡ ራስ ሌላ ሰው ተቀመጠ፤ ጠላውም ከሌላ ሰው ተጀመረ። ሰውየው ግን ጠላውን እንደልቡ ይጠጣ ነበር፤ ሜዳውን አቋርጦ የሚሄድ አስቸኳይ መልእክት ሲኖርም የሚላከው እሱ ነበር። በል ተነሥ። ገና ማለዳ ነው፤ ልጆቹ አልዘሩም።