ምራን የተቆጣ ዕለት

ተረት ይዤ መጥቻለሁ፤ የበረቱን መዝጊያ ሳቡልኝ። ሳባችሁ? እንግዲያስ አዳምጡ።

ትናንት ከእናንተ አንዷ፣ ሰሎሜ፣ የእንግሊዝኛ መልመጃዋን ይዛ መጥታ፣ «አጎቴ፣ ይህቺ ‹ዊዝ› የሚሏት ቃል ብቻዋን ምንም አትናገርም፤ ብትቀር ምን ይጎድላል?» አለችኝ። እንግሊዞች ከወዳጄ ጋር መጣሁ ሲሉ በእሷ ነው፤ ሥጋውን በቢላ ቆረጥሁ ሲሉ በእሷ ነው፤ በቁጣ መለሰልኝ ሲሉም በእሷው ነው። ብትቀርስ? መልሱን ከእኔ ሳይሆን ከአንድ በሬ ስሙት።

ዕቃና እንስሳ እንደ ሰው ይነጋገሩ በነበረበት ዘመን፣ አንጓች የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ሁለት በሬዎች ነበሯት፤ ወይኖና ጉራች። ወይኖ እርሻ ላይ ወድቆ ሞተ፤ ጉራች ብቻውን ቀረ። ጎረቤቷ ጓንጉልም ያለው አንድ በሬ ነበር፤ ስሙ ቦራ። አንድ በሬ ደግሞ አያርስም። ስለዚህ እንደ አገሩ ልማድ መቀናጆ ገቡ፤ ሁለቱን በሬዎች አንድ ላይ ጠምደው፣ ማሳቸውን በየተራ ሊያርሱ ተስማሙ። እርሻው የጓንጉል፣ አረሙ የአንጓች ሆነ። ማረሻውን፣ ሞፈሩንና ቀንበሩን ያመጣ ጓንጉል ነው። አንጓች ያመጣችው ምራኑን ብቻ ነው፤ ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር የሚያስረውን የቆዳ ጠፍር።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ዘገየ። ዘግይቶ አንድ ቀን ወረደና አፈሩን አራሰው። እርጥበቱ ሳይሸሽ መሬቱ ካልተገለበጠ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። አንጓች የጉራችን ግንባር እየዳበሰች፣ «ጉራችዬ፣ መሬቴ ጦሙን ካደረ የምሸጠው ካንተ በቀር የለኝም። የሚገዛህም ለቢላው ነው» አለችው።

ጉራች ሰማ።

ጧት ጓንጉል ዕቃውን ከአንጓች ማሳ ዳር አኑሮ በሬዎቹን ሊያመጣ ሄደ። ጀርባውን እንዳዞረ ዕቃዎቹ ጠብ ጀመሩ።

«መሬቱን የምሰነጥቀው እኔ ነኝ» አለ ብረቱ ማረሻ።

«አንተን አዝዬ የምዞረው እኔ ነኝ» አለ ረጅሙ ሞፈር።

«ዝም በሉ!» አለ ቀንበር። «በሬን የሚያህል ፍጥረት አንገቱን የሚደፋው ለእኔ ነው።»

ምራን ከቀንበሩ ሥር ተጠቅልሎ ተኝቶ ነበር። «እኔስ?» አለ።

ሦስቱም ሳቁ።

«አንተማ ቁራጭ ቆዳ ነህ» አለ ማረሻ። «እስኪ ብቻህን ማሳው መካከል ተጋደም። ዞር ብሎ የሚያይህ አለ?»

«እባብ መስሎት የሚሸሽማ አይጠፋም» አለ ሞፈር።

«እናንተስ ብቻችሁን ምንድን ናችሁ?» አለ ምራን።

«እኔ ብቻዬንም ብረት ነኝ!»

«እኔ ብቻዬንም እንጨት ነኝ!»

«ብረትና እንጨት መሆናችሁን ማን ካደ? ብቻችሁን እርሻ ናችሁ ወይ?»

ቀንበር በንዴት ተንቀጠቀጠ። «ያንን ሁሉ ቅቤ የተቀባኸው እኛን ለመስደብ ነው? አንተ የሬሳ ልጣጭ! ከፊታችን ጥፋ!»

ምራንን ቃሉ ዘለቀው። ቆዳ ሲቆጣ ይደርቃል፤ ምራንም ደርቆ ጠነከረ። «እንድቀር ፈርዳችኋል፤ ቀርቻለሁ» አለ። እየተሳበም አጠገቡ ካለ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ።

ጓንጉል በሬዎቹን እየነዳ መጣ። ምራኑን ፈለገ፤ አጣው። «የማን ውሻ በላብኝ!» ብሎ ተራገመና ሐረግ ቆርጦ ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር አሰረ። በሬዎቹ ሳቡ፤ ሐረጉ ተበጠሰ። እነሱ ወደ ፊት ሄዱ፤ ማረሻው አፈር ነክሶ ወደ ኋላ ቀረ።

አንጓች የቃጫ ገመድ ይዛ ደረሰች። በገመድ አሰሩት። በሬዎቹ ሳቡ፤ ገመዱ ላላ። ሞፈሩ እየተወዛወዘ የቦራን እግር መትቶ አደማው።

ጓንጉል ወደ ቤቱ ሮጦ ሽቦ አመጣ። በሽቦ አሰሩት። በሬዎቹ ሳቡ፤ ሽቦው አልተበጠሰም፣ አልላላም። ቀንበሩን ግን እንደ መጋዝ ገዘገዘው። «ወገቤን! ኧረ ወገቤን!» ብሎ ቀንበር ጮኸ።

ጀንበር አዘቀዘቀች። መሬቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደተኛ ነው።

«እቴ አንጓች፣ አልሆነም» አለ ጓንጉል ሽቦውን እየፈታ። «እኔ ለዓመት የሚያቆየኝ ጥቂት እህል አለኝ። አንቺ ምን ይበጅሻል?»

«ነገ ገበያ ነው፣ አያ ጓንጉል» አለች። ይህን ስትል ጉራችን አላየችውም።

ያኔ ጉራች መሬቱን በሰኮናው ቧጠጠው። «ማረሻ! ሞፈር! ቀንበር!» ብሎ አጓራ። «ክብሩን ጧት ተከፋፈላችሁት፤ ሥጋዬን ደግሞ ነገ ባለ ቢላው ያከፋፍለዋል! ደስ ይበላችሁ!»

ቀንበር ቁስሉን ያስታምማል።

ቁጥቋጦው ውስጥ ደግሞ ሌላ ወሬ ተይዟል። አያ ጅቦ ቆዳ ሸትቶት መጥቶ ከምራን ጎን ተጋድሟል።

«ወንድሜ ምራን፣ ናቁህ አሉ?»

«ናቁኝ።»

«ሰደቡህ አሉ?»

«ሰደቡኝ።»

«በል ከእኔ ጋር ና። እኔ ለቆዳ ያለኝን ፍቅር አገር ያውቀዋል።»

«የት ታኖረኛለህ?»

«ሙቅ ቦታ። ዝናብ የማይነካህ፣ ፀሐይ የማያይህ።»

ቁጣ ጆሮ እንጂ አፍንጫ የለውም። ምራን የጅቡን የአፍ ጠረን ሳያስተውል ተከተለው።

አንጓች ጉራችን እየሳበች በዚያው ታልፍ ነበር። ጉራች ጅቡንም ምራኑንም አየ። ከእጇ አምልጦ፣ «ወይኖ!» ብሎ ተጣራ።

ምራን ባለበት ቆመ። «በዚያ ስም የጠራኝ ማን ነው?»

«በአንድ ቀንበር ካንተ ጋር የጎተትሁት ነኛ! ረሳኸኝ? ወድቀህ ስትሞት አንጓች ቆዳህን ለገበያ አላወጣችውም። ምራን አስገምዳ፣ ‹ወይኖ አሁንም ከጉራች ጋር ይረስ› አለች። ታዲያ ቀንበር ቢሰድብህ እኔ ምን በደልሁህ? አንጓችስ ምን በደለችህ?»

«ስም ያጠግባል እንዴ?» አለ አያ ጅቦ፤ የምራንንም ጫፍ በጥርሱ ያዘ።

ጉራች ቀንዱን ደፍቶ መጣበት። ጅቡ በጎኑ ተወጋ፤ እያነከሰ ሸሸ። የነከሰውን ቁራጭ ግን ይዞት ሄደ። አንጓች ሮጣ ደረሰችና የተረፈውን ምራን ከሣር ውስጥ አነሣችው። ቤቷ ወስዳ ውኃ ውስጥ ዘፈዘፈችው፤ ከመሶቧ ሥር ያስቀመጠችውን የመጨረሻ ቅቤም ቀባችው።

በማግስቱ ወደ ገበያ አልሄደችም፤ ወደ ማሳው ሄደች። ጓንጉል ምራኑን ተቀብሎ ሊያስር ቢሞክር አጠረበት። ሞፈርና ቀንበር እንደ ወትሮው በኩራት ተራርቀው ነበር።

«ጠጋ በሉ» አለ ምራን።

«ቁስሌን ይነካኛል» አለ ቀንበር።

«ይንካህ! የጎደለኝን ጅብ በልቶታል፤ ጅቡን የጠራው ስድብህ ነው፤ የተከተለው የእኔ ቁጣ ነው። የእኔን ከገላዬ ከፍያለሁ። የአንተን ዛሬ ትከፍላለህ።»

ቀንበር ዝቅ አለ። ሞፈር ተጠጋ። ምራን ሁለቱን እስኪንቋቁ ድረስ አጥብቆ አሰራቸው።

«ታረቅኸን ማለት ነው?» አለ ማረሻ ከታች፣ በለሰለሰ ድምፅ።

«አልታረቅሁም። አሰርሁ እንጂ። ያሰርሁትም ለአንጓች ነው።»

በዚያ ቀን የአንጓች ማሳ ተገለበጠ። ጉራች ቢላ ሳያይ በዚያው ቀንበር አረጀ። በአንገቱና በሞፈሩ መካከል ግን ያ አጭር ምራን ነበር፤ ሞፈርና ቀንበርም ዕድሜያቸውን ሙሉ በቀንበር ቁስል ላይ ተጣብቀው ኖሩ።

ሰሎሜ፣ ከማን ጋር፣ በምንና በምን ዓይነት ልብ እንደተሠራ ሳይነገር የተነገረ ሥራ፣ ጦሙን ያደረ ማሳ ነው። መልመጃሽን ይዘሽ ተመለሺ፤ ያቺን ቃል ከቦታዋ አግቢያት።

የበረቱን መዝጊያ መልሱልኝ፤ ተረቴን ቋጥሬዋለሁ። ቋጠሮውም ይህ ነው፦ ማሰሪያውን የናቀ፣ በሬ እያለው በእጁ ይቆፍራል።