በባይሺ ድልድይ «ይቅደሙ» የማይባለው ስለምን ነው

በቻይና ምዕራብ፣ ተራሮቹ ተጠጋግተው ወንዙን በሚያጠብቡበት አገር፣ ባይሺ የምትባል መንደር አለች ይባላል። መንደሯን ከገደሉ ማዶ ካሉት ቤቶች የሚያገናኛት አንድ ጠባብ የሳንቃ ድልድይ ነው። በዚያ አገር ሁለት ሰዎች በር ላይ ሲገናኙ «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «ኧረ እርስዎ» ሳይባባሉ አይገቡም፤ ሻይ ሲቀዳም ሆነ ወንበር ሲያዝ ታናሽ ለታላቁ፣ ባለቤት ለእንግዳው ይለቃል። በድልድዩ ላይ ግን ይህ ነውር ነው። እግሩ መጀመሪያ ሳንቃውን የረገጠ ይሻገራል፤ የሰባ ዓመት ሽማግሌ ከኋላው ቢደርስ እንኳ ዞሮ አያይም። ሽማግሌዎች ስለዚህ ልማድ የሚሉት ብዙ ነው፤ ሁሉም ግን እርስ በርሱ አይገጥምም። እኔ ከተለያየ አፍ ሲነገር ሳይለወጥ ያገኘሁትን አስቀምጣለሁ፤ ያልገጠመውንም አልገጠመም እላለሁ።

እንደሚነገረው፣ መንግሥት በመንግሥት ላይ በሚነሣበት በአንድ ክፉ ዘመን፣ በባይሺ ሦስት አስተማሪዎች ይኖሩ ነበር። አንደኛው ከጥዱ ጫካ ዳር ጎጆ የቀለሰው ሽማግሌው ጌ ነው፤ ዳዎን፣ ማለትም ፍጥረት ሁሉ ማንም ሳይገፋው የሚሄድበትን መንገድ ያስተምራል፣ የመድኃኒት ሥርም ያውቃል። ሁለተኛው መምህር ሉ ሲሆን፣ በትምህርት ቤቱ የኮንፊሽየስን ሥርዓት፣ ልጅ ለወላጁ፣ ታናሽ ለታላቁ የሚገባውን ያስተምራል። ሦስተኛው ጂንግቹ የሚባል፣ ከሩቅ አገር በመጣው በቡድሃ ትምህርት የመነኮሰ ሰው ነው።

ሦስቱ ለብዙ ዓመት አይዋደዱም ነበር። ጌ የሉን ሥርዓት «ለዛፍ የተሰፋ ልብስ» ይለዋል። ሉ ደግሞ መነኩሴውን ወላጆቹ የሰጡትን ፀጉር ላጭቶ፣ የልጅ ልጅ ሳያሳያቸው የጠፋ ከሃዲ ያደርገዋል። መነኩሴውም በተራው፣ የሚበሰብስን ሥጋ ዕድሜ በሥር ለማስረዘም ይደክማል እያለ በጌ ይስቃል። ተማሪዎቻቸው በገበያ መንገድ ድንጋይ እስከ መወራወር ደርሰው ነበር ይባላል። በኋላ ግን ረሃብ በገባ ዓመት ሦስቱ ከአንድ ድስት አጥሚት ተካፍለው ከረሙና ታረቁ። አንዱ የሌላውን መጽሐፍ ማንበብ፣ አንዱ ሌላውን ማመስገን ጀመረ። ሰዉም ደስ ብሎት «ለኑሮው መምህሩን፣ ለሕመሙ ጌን፣ ለሞቱ መነኩሴውን» ይል ጀመር። ይሁንና ቀድሞ በክርክር ላለመበለጥ ይጠነቀቁ የነበሩት ሦስቱ፣ ከእርቁ ወዲህ በትሕትና ላለመበለጥ ይጠነቀቁ ነበር።

ከገደሉ ማዶ ዪን የምትባል፣ ባሏ የሞተባት ቅርጫት ሠሪ ነበረች። ሱ የምትባል አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ነበረቻት። በዝናቡ ወራት ሱ ጉሮሮዋ አብጦ በትኩሳት ነደደች። ዪን በማለዳ ተሻግራ መጀመሪያ ጌን ጠራች፤ ጌም ሥሩን ወቅጦ እንደሚደርስ ነገራት። የትኛው እንደሚጠቅማት እርግጠኛ ስላልነበረች መምህር ሉን፣ የባሏን አባቶች ስም በሥርዓቱ ጠርቶ እንዲለምንላት ለመነችው። በመጨረሻ፣ እግሯ እየከበዳት፣ ወደ መነኩሴው ደጅ ሄደች። ልጅቷን ብቻዋን ትታ ስለመጣች ቀድማቸው ተመለሰች።

ሦስቱ በድልድዩ አፍ ላይ ተገናኙ። ድልድዩ ያኔ የቀርከሃ ገመድ ነበር፤ ከአንድ ሰው በላይ አይችልም። ወንዙ ደፍርሶ እየሞላ ነበር።

ሉ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና «አባቴ ጌ፣ በዕድሜ ይበልጡኛል፤ ይቅደሙ» አለ።

«መምህር፣ የእኔን ትምህርት አንብበው የለም?» አለ ጌ፣ እሱም ጎንበስ ብሎ። «እኛ ዝቅ ያለውን ቦታ ነው የምንወድ። ከኋላ ያለሁት እኔ ነኝ። መነኩሴው ይሂዱ።»

ጂንግቹ መዳፎቹን ገጥሞ ከሁለቱም ዝቅ አለ። «እኔ የሚባል ነገር የለም ብዬ ሳስተምር ኖሬ፣ እንዴት እኔ ልቅደም እላለሁ?»

«የለም ካሉማ ይህ ሁሉ የጫማ ጭቃ የማን ነው?» አለው ጌ፤ ሦስቱም ሳቁ።

«ሲስቁ እንኳ ይቀድሙኛል» አለ መነኩሴው። «እንግዲያው መንገዱንም ይቅደሙ።»

«መነኩሴ አባቴ፣ ከሩቅ የመጣ ትምህርት የያዙ እንግዳ ነዎት» አለ ሉ። «እንግዳ ከኋላ ቢሄድ ለመንደሩ ስድብ ነው።»

እንዲህ ሲባባሉ፣ ሲጎነበሱና ሲቃኑ ሻይ የሚፈላበት ያህል ጊዜ አለፈ ይላሉ፤ ከዚያም ይረዝማል የሚሉ አሉ። መድኃኒቱ በጌ ብብት ሥር ነበረ። ዪን ልጇን ታቅፋ በማዶ ከደጇ ቆማ ታያቸው ነበር። የውኃው ድምፅ ቃላቸውን ስለሸፈነው የሚታያት መጎንበሳቸው ብቻ ነው። ወንዙ እንዲጎድል፣ ሱ እንድትድን የሚጸልዩ መሰላት። እንዳታቋርጣቸው ብላም አልተጣራችም፤ ልጇን እንዳቀፈች እሷም ትጎነበስ ጀመር።

ከላይ ጎርፍ ነቅሎ ያመጣው ግንድ ያን ጊዜ መጥቶ ገመዱን በጠሰው።

ጌ መድኃኒቱን ከድንጋይ ጋር አስሮ ወረወረ፤ ማዶ ሳይደርስ ወንዙ ውስጥ ገባ። ሉ የቀረውን ወስዶ ሲወረውር ማንንም አላስፈቀደም፤ የእሱም አልደረሰ። በሁለተኛው ቀን ዪን መቆፈሪያ ይዛ ከቤቷ ስትወጣ አዩ። ብቻዋን ቆፈረች። መነኩሴው ከዚህ ማዶ ሆኖ የሙታንን ጸሎት ደገመ፤ ሉ ልብሱን ቀዶ ተቀመጠ፤ ጌ ምን እንዳደረገ የሚናገር የለም። መድኃኒቱ ያድናት ነበር ወይ የሚለውንም የሚያውቅ አላገኘሁም።

ሦስቱ ከመንደሩ ሰው ጋር በአርባ ቀን አዲስ ድልድይ ዘረጉ፤ በዚያም ላይ ማንም ለማንም እንዳይለቅ በአንድ ቃል ከለከሉ። ከሦስቱ መጀመሪያ የተሻገረው ማን እንደሆነ ግን ወሬው ይለያያል። የጌ ተከታዮች መምህር ሉ ነው ይላሉ። የሉ ተማሪዎች ዘሮች መነኩሴው ነው ይላሉ። ከመነኩሴው ገዳም የሚሰማው ደግሞ ጌ ነው የሚል ነው። ይህን በጽሑፍ ጎን ለጎን ሳስቀምጠው፣ ሁሉም ክብሩን ለሌላው ሲሰጡ አየሁ፤ ከዚህ የትኛውን ማመን እንደሚገባኝ አላውቅም።

የማዶዎቹ ቅርጫት ሠሪዎች ግን ከሦስቱ አንዱም አልቀደመም ይላሉ። እንደ እነሱ አባባል፣ የመጨረሻው ሳንቃ በተመታበት ቀን ዪን ቅርጫቶቿን በጀርባዋ አዝላ ከማዶ መጣች። ሦስቱ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ።

«ያን ቀን እዚህ ስትሰግዱ ነበር» አለቻቸው። «እኔም ከማዶ አብሬያችሁ ሰገድሁ። ስለ ሱ ነበር?»

ሉ ወደ መነኩሴው አየ፤ መነኩሴውም ወደ መሬት። የመለሰላት ጌ ነው።

«አይደለም» አላት። «የእሷ ስም አልተነሣም። ስለ እኛ ነበር።»

«እኔ ስለ እሷ መስሎኝ ነበር» አለችና ቅርጫቶቿን አስተካክላ ወደ ገበያው ሄደች።

ዛሬም የማዶ ሴቶች ተሸክመው ሲሻገሩ፣ በዚህኛው ጫፍ ጎንበስ ብሎ እጅ የሚነሣቸው ሰው ቢያጋጥማቸው ሰላምታውን አይመልሱም፤ አጠገቡ ሲደርሱ እርምጃቸውን ያፈጥናሉ ይባላል።