ዓይናዲስን ያነሳት ማን ነው?

በአንድ ወቅት፣ ጉም ከመንደሩ በታች በሚተኛበት አገር፣ ገዳሙ የሚባል ባል ሚስቱን ዓይናዲስን በደላት። ሴት ልጅ በወለደችለት በዘጠነኛው ቀን፣ እሷ ትኩሳትና እንቅልፍ ተቀላቅሎባት ጣሪያው እንደ ደመና ሲንሳፈፍ እያየች ሳለ፣ እሱ ደጅ ላይ ቆሞ ልጅቱን ለአክስቱ ሰጠ። አክስቱ እትዬ ዘርትሁን ከወንዝ ማዶ የሚኖሩ፣ ሀብት እንጂ ልጅ ያላገኙ ሴት ናቸው።

«ሚስቴ የምትቆም አልመሰለችኝም፤ ሕፃኗን እርስዎ ያሳድጉልኝ» አላቸው።

ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ፈርቶ ነው። ወንድ ሲፈራ ግን ለምን የሚስቱን ነገር እንደሚሰጥ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

የንስሐ አባታቸው አባ ሳህሉ ይህን ሰምተው መጡና ፈረዱ። «ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው። በዚያን ቀን እናቲቱ ልጇን ታቅፋ የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት በገዛ እግሯ ከወጣች፣ ልጅቱ ከእናቷ ጋር ትኖራለች። ካልወጣች የአባትየው ቃል ይጽና። እስከዚያ ግን ልጅቱ ወደ እናቷ ጡት ትመለስ።»

ያ ዳገት ፍየል እንኳ ቆም ብላ አስባ የምትወጣው ነው። ዓይናዲስ ደግሞ ከአልጋ እስከ በር ለመድረስ ግድግዳ ትይዛለች። በሕልሟ ግን በየዕለቱ ዳገቱን ትወጣ ነበር። እግሯ መሬት አይነካም፤ ጉሙ ከሥር እየገባ ያነሳታል፣ ልጅቱም ደረቷ ላይ እንደ ላባ ትቀላለች። ስትነቃ ወገቧ ከፍራሹ ጋር የተሰፋ ይመስላታል። ስታስነጥስም ሽንቷ ያመልጣታል። ይህን ለማንም አልተናገረችም። ስንቶቻችን ተናግረናል?

መጀመሪያ የተነሱት አማቷ ወይዘሮ ተዋበች ናቸው። «ይህ ወገብ እንዲህ ተከፍቶ አይቀርም!» ብለው ስምንት ክንድ መቀነት አወጡና ጠመጠሟት። ጠዋት ቅቤው መሃሉ ላይ ኩሬ የሠራ ገንፎ፣ ከሰዓት አጥሚት፣ ማታ የዶሮ መረቅ ሆነ።

«ጠገብኩ እማማ» ስትል፣

«የጠገበው አፍሽ ነው፤ አጥንትሽ ገና አልቀመሰም» ይሏታል።

በሦስት ሳምንት ደም ወደ ፊቷ ተመለሰ፤ ወገቧም ቀና ብሎ መቀመጥ ቻለ። ብቻ ወይዘሮ ተዋበች ማሰር እንጂ ማላላት አያውቁም፤ ስትተኛም አይፈቱላትም። ትንፋሿ ደረቷ ላይ ደርሶ ይመለስ ጀመር። በሕልሟም ጉሙ ራሱ እየተጠመጠመ ያፍናት ያዘ።

ከቆላ ታላቅ እህቷ ማንጠግቦሽ የደረሰችው ይሄኔ ነው። ገብታ አየቻት፤ ሰላምታውንም ሳትጨርስ መቀነቱን ፈታችው።

«እማማ፣ እህቴን ነው ወይስ በቅሎ ላይ የሚጫን ነዶ ነው ያሰሩት?»

«ስንት ወልደሽ ነው አንቺ እኔን የምታስተምሪኝ?»

«አንድም አልወለድኩ። መተንፈስ ግን ከተወለድኩ ጀምሮ አውቃለሁ።»

ማንጠግቦሽ ሕፃኗን ለጡት ብቻ እያመጣች በቀረው ጊዜ በጀርባዋ አዝላ ደጅ ላይ ትቀመጣለች። አራስ ጠያቂ ሲመጣ «የለችም» ትላለች።

«የት ሄዳ?»

«ተኝታለች።»

«ታዲያ አለች በይኛ!»

«ስትነቃ ትኖራለች። በይ ደህና ዋይ።»

ዓይናዲስ በወለደች በወሯ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ጠገበች። ሐይቅ ሥር እንደተቀመጠ ድንጋይ ዝም ብላ ተኛች፤ ስትነቃ ዓለም ታጥቦ የተሰጣ ልብስ መሰላት። ታዲያ እህቲቱም አበዛችው። አንድ ቀን ልጅቱን እሹሩሩ ስትል ውላ እናቲቱን ሳትቀሰቅስ ቀረች። የዓይናዲስ ጡት አጋተና እንደ ድንጋይ ጠጠረ፤ ሁለት ቀን አንቀጠቀጣት።

ሦስተኛዋ ከአጥሩ ጀርባ የሚኖሩት ወጌሻ እትዬ ብርነሽ ናቸው። በአርባ አምስተኛው ቀን መጥተው አስተኟትና ሆዷን በጣታቸው ዳበሱ።

«የሆድሽ ጅማት መሃል ለመሃል ተከፍቶ ሁለት ጣት ያስገባል። ይህን መቀነትም እንቅልፍም ብቻውን አይዘጋውም። በይ ተንፍሺ። ስትተነፍሺ ሽንት እንደያዘ ሰው ሆነሽ ወደ ላይ ሰብሰብ አድርጊ። አሁን ልቀቂ።»

ዓይናዲስ ቀላች። «ማን ነገረዎት?»

«ሦስት ወልጃለሁ ልጄ። ጉንፋን ከያዘው ሰው እሸሽ ነበር፣ አስነጥሶ እንዳያስነጥሰኝ።»

ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ብርነሽ ያስኬዷት ጀመር፤ መጀመሪያ እስከ አጥሩ፣ ቀጥሎ እስከ ሾላው፣ ቀጥሎ እስከ ዳገቱ እግር። እሳቸውም ቸኮሉ። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ይዘዋት ወጡ፣ ምች መታትና ከንፈሯ ቆስሎ ሦስት ቀን አልጋ ላይ ተመለሰች። ዳማከሴውን ጨምቀው ያጠጧት፣ ያው ወይዘሮ ተዋበች ናቸው፤ እያጠጡም ወጌሻዋን ረገሙ።

ሰማንያው ቀን ደረሰ። ጉሙ ከሸለቆው ተነስቶ ዳገቱን ግማሽ ድረስ ሸፍኖት ነበር። ዓይናዲስ ልጇን ታቅፋ ገባችበት። ሰው ሁሉ ከላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ የሚታይ የለም፤ የሚሰማው የትንፋሿ ድምፅ ብቻ ነው። አንዴ ቆመ። እትዬ ዘርትሁን አዲስ ማዘያ ይዘው አንድ እርምጃ ወደፊት አሉ። ትንፋሹ እንደገና ተሰማ፣ ቀስ እያለ፣ እየቀረበ። መጀመሪያ ጭንቅላቷ፣ ቀጥሎ ልጅቱ፣ በመጨረሻ የሚንቀጠቀጠው እግሯ ከጉሙ ወጣ። ሕልሟን ይመስላል፤ ልዩነቱ፣ ይህኛው ላብ ነበረው።

እትዬ ዘርትሁን ማዘያውን በእናቲቱ ትከሻ ላይ ጣል አድርገው፣ ሕፃኗን ግንባሯ ላይ ስመው፣ ቁልቁል ወረዱ። ዞረው አላዩም።

በዚያ አገር አራስን ከአልጋ ያነሳ ሰው የልጁን የቤት ስም ያወጣል። ስለዚህ እልልታው ሳይበርድ ጠቡ ተጀመረ።

«እኔ ባላስራት ወገብ የሚባል ነገር ይኖራት ነበር?» አሉ ወይዘሮ ተዋበች።

«እኔ ባልፈታት ይኼኔ ተዝካሯን ነበር የምንበላው» አለች ማንጠግቦሽ።

«ሁለታችሁም የተዋችኋት አልጋ ላይ ነው፤ ወደ ዳገት ያመጣኋት እኔ ነኝ» አሉ እትዬ ብርነሽ።

አባ ሳህሉ ይህን ፍርድ ፈሩት፤ መስቀላቸውን ሊወለውሉ ዞር አሉ። አንድ ጥግ ቆሞ የነበረው ገዳሙ ወደ ሚስቱ ቀረበ።

«በይ እንግዲህ አንቺው ተናገሪ። ስሙን ማን ያውጣ?»

ዓይናዲስ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እያጠባች ነበር። ቀና ብላ አየችው፣ በሰማንያ ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ረጋ ብላ።

«ልጄን ስትሰጥ ሳትጠይቀኝ፣ ለስሟ ጠየቅከኝ? እንግዲያው እኔም ሁላችሁንም ልጠይቅ። ያሰሩኝ እኚህ ናቸው፤ የፈታችኝ ይህችው ናት፤ ያስኬዱኝ እኚያ ናቸው። ዳገቱን የወጣው እግር ደግሞ የእኔ ነው። ከአራታችን ስም ማውጣት የሚገባው ለማን ነው?»