ለመቅረጫ የተሠራው ጊታር

አንድ ሐሙስ ማለዳ የእድራችን ሰብሳቢ ከሦስት ጎረቤቶች ጋር መጥተው በሬን አንኳኩ። መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነውና ገና ሳይናገሩ ገባኝ። ለሥራ ወደ ደሴ የሄደው ባለቤቴ አምደብርሃን በመኪና አደጋ አርፏል።

አምደብርሃን በስቱዲዮ ብቻ የሚጫወት ጊታሪስት ነበር። ሃያ ዓመት ከዘፋኞች ጀርባ ሆኖ ተቀረጸ እንጂ መድረክ ላይ ወጥቶ አያውቅም። የተወልኝ አንድ አሮጌ የኤሌክትሪክ ጊታር ነው፤ ቡናማ፣ ከባድ፣ ቁልፉ የበዛ።

በሐዘን ቤት ሙዚቃ አይከፈትምና ዓመት ሙሉ አልነካሁትም። ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ ግን ዝም ብሎ መቀመጡ አሳዘነኝ። የሚጫወትበት ሰው ላገኝለት ብዬ ለአንድ የሠርግ ባንድ ጊታሪስት አሳየሁት።

ሰውየው ከትልቁ የአዳራሽ አምፕሊፋየር ጋር አገናኝቶ መታው። ድምፁ ከትንኝ አይበልጥም።

«ኧረ እትዬ፣ ይሄ እኮ ጾም ላይ ነው!» ብሎ ሳቀ። «በቃ፣ ሞቷል። ነገ መጥቼ ልፍታውና ዕቃውን ለመለዋወጫ ልውሰደው። እንጨቱን ግድግዳ ላይ ስቀይው።»

«እሺ» አልኩ። ቤቴ ስገባ ግን ባሌን ዳግም የምቀብረው መሰለኝ። በማግስቱ ሰውየው ሳይመጣ ጊታሩን ተሸክሜ አምደብርሃን ይሠራበት ወደነበረው ስቱዲዮ ሄድኩ።

ድምፅ ቀራጩ ጋሽ ወልደሰንበት ነገሩን ሲሰሙ ተቆጡ።

«ከአዳራሽ ማጉያ ጋር አገናኙት ብሎ ማን አዘዛችሁ? ይሄ ለመቅረጫ የተሠራ ነው እኮ ልጄ! ጉልበቱ ትንሽ ነው፤ ቀጥታ ድምፅ ማደባለቂያው ሚክሰር ላይ ነው የሚሰካው።»

«ታዲያ አልሞተም?»

«ምን በወጣው! እስቲ ቁጭ በይና ስሚው።»

ገመዱን ሰክተው ጊታሩን እዚያ ለነበረች ጊታሪስት ሰጧት። ስድስቱም ክሮች ጥርት ብለው ተሰሙ፤ ጣቷ ክሩ ላይ ሲንሸራተት እንኳ ይሰማል። እንባዬ መጣ፤ ፊቴ ግን ፈገግ ብሎ ነበር። ጊታሩን እዚያው ተውኩላቸው። አሁን በየሳምንቱ ይቀረጻል።

ሰውም እንዲሁ ነው። በጩኸት መሐል ድምፁ ያልተሰማ ሁሉ ባዶ አይደለም፤ ምናልባት ያቆምነው ለእሱ ያልሆነ ቦታ ላይ ይሆናል። እናንተስ «አይረባም» ብላችሁ የተዋችሁት ዝምተኛ ሰው የለም? ካለ ዛሬውኑ ጠጋ ብላችሁ አድምጡት። የአምደብርሃንንም ነፍስ እግዚአብሔር በገነት እንዲያኖርልኝ አብራችሁኝ ጸልዩ።